በሩ የሚከፈትበት ሰዓት

ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተልሔም የሚወስደው መንገድ የእግረኛ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ከዴር ሱልጣን ገዳም ተነሥተው ለልደት በዓል ሲወርዱበት ዘመናት አልፈዋል። ዛሬ መንገዱን ኬላ ይቆርጠዋል፤ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ስምንት ሜትር የሚሆን ግራጫ ኮንክሪት ሰማዩን ይጋርዳል። በቤተልሔም በኩል ግንቡ ላይ ርግብ፣ መሰላል፣ የታሰሩና የተገደሉ ሰዎች ፊት ተሥሎበታል። ጎብኚው ከሥዕሎቹ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ ከአጠገቡ ካለው ሱቅ ያንኑ ሥዕል በፖስታ ካርድ ገዝቶ ይሄዳል።

ኮንክሪቱ ግን እስራኤል በዌስት ባንክ ከምትሠራው ጠቅላላ አጥር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። የቀረው ሽቦ፣ ቦይ፣ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ፣ የወታደር መኪና የሚመላለስበት አስፋልትና የእግር ዱካ እንዲታይበት በየጊዜው የሚደለደል አሸዋ ነው። ይህ ሁሉ ተደማምሮ በአማካይ ሃምሳ ሜትር ያህል ወርድ ይዞ በእርሻ መካከል ያልፋል። ከሩቅ ለሚያየው አዲስ የተጠረገ መንገድ ይመስላል፤ ማንም ሥዕል አይሥልበትም፣ ፎቶ አንሺም አይመላለስበትም። ስለ እሱ የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ ስለዚህ ከቤተልሔም በኋላ መንገዴን ወደ ገበሬዎቹ አደረግሁ።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በዚያ ዓመት በእስራኤል ከተሞች አውቶቡስ መሳፈርና ቡና ቤት መቀመጥ ያስፈራ ነበር። በመጋቢት ወር፣ በፋሲካ ማዕድ ምሽት፣ በናታንያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አጥፍቶ ጠፊ ባደረሰው ጥቃት 30 ሰዎች ሞቱ። ልጁን በአውቶቡስ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ አጥር ይሠራልን ቢል ማንም ይረዳዋል፤ ያንን ፍርሃት ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ስለ አጥሩ መናገርም ፍትሐዊ አይሆንም። ጥያቄው አጥሩ የት ላይ ተሠራ የሚለው ነው። በ1949 የተሰመረውና አረንጓዴ መስመር የሚባለው የተኩስ አቁም ወሰን 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአጥሩ ዕቅድ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከእጥፍ በላይ የሆነው ወደ ምሥራቅ እየገባ፣ የእስራኤል ሰፈራ መንደሮችን እየዞረ ስለሚጠማዘዝ ነው፤ ከመቶ 85 እጅ የሚሆነው የሚያልፈው በዌስት ባንክ ውስጥ ነው። በ2004 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሠራዊቱን የጸጥታ ምክንያት ተቀብሎም፣ በቤት ሱሪክና በአካባቢዋ መንደሮች ገበሬዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሚገባው በላይ ነው ብሎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ሻረ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ14 ድምፅ ለ1፣ በተያዘው የፍልስጥኤም መሬት ላይ የተሠራው አጥር ከሕግ ውጭ ነው ሲል ምክረ ሐሳቡን ሰጠ። ሥራው ግን ቀጠለ።

ከቤተልሔም ጋር በተያያዘችው በቤት ጃላ ብዙ አልቆየሁም። ከግርጌዋ ያለው የክሬሚዛን ሸለቆ የወይንና የወይራ እርከን ነው፤ የሳሌዢያን መነኮሳት የወይን ጠጅ ይጠምቁበታል። 58 ቤተሰቦች መሬታቸው ከአጥሩ ማዶ እንዳይቀር ለዓመታት ተከራክረዋል፤ ካህናቱም በየዓርቡ ከወይራዎቹ ሥር ቀድሰዋል። በ2015 ሚያዝያ ላይ ፍርድ ቤቱ መስመሩን ተቃወመ፤ ሐምሌ ላይ ውሳኔው የሚመለከተው ገዳማቱን ብቻ ነው ተባለ፤ ነሐሴ ላይ ዛፎቹ በማሽን ተነቀሉ።

ባቲር ግን ይዛ አስቀረችኝ። ከቤት ጃላ ብዙም አትርቅም። መንደሯ ከኮረብታው ወገብ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ እስከ ሸለቆው ወለል ድረስ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካበ የድንጋይ እርከን ይወርዳል። ኮንሶን ያየ ኢትዮጵያዊ አጠገቡ ቆሞ ድንጋዩን በእጁ ሳይዳስስ አያልፍም። ከመንደሩ መካከል የሚፈልቀው ምንጭ ከጥንት ሮማውያን ዘመን የቆየ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀምና በቦይ ወደ ማሳዎቹ ይሠራጫል። ውሃውን የሚካፈሉት ስምንት ታላላቅ ቤተሰቦች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቀን ይደርሰዋል። ስለዚህ የባቲር ሳምንት ስምንት ቀን ነው ይላሉ፤ ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ማለዳ የገንዳው ጥልቀት በእንጨት ይለካል፤ ባለተራው በዚያ ልክ ለወንድሞቹና ለአጎቶቹ ልጆች ያከፋፍላል። በእኛም አገር በመስኖ በሚያርሱ መንደሮች የውሃ አባት አለ፤ ተራ ያስጠብቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ቃሉ እንደ ዳኛ ቃል ይከበራል። ገንዳው ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸውና፣ የውሃ አባቱ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመረጥ፣ ለድካሙ ምን እንደሚከፈለው፣ ቢያደላ ምን እንደሚደረግ በየተራ ጠየቁኝ። ስለ አጥር ልጠይቃቸው የሄድኩት እኔ ስለ ዳሞትና ስለ ይፋት መስኖ ሳወራ አረፈድሁ። ሲያሰናብቱኝ የባቲር ደበርጃን በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ቀጭንና ረጅም ነው፤ በሩዝ ተሞልቶ ሲበስል ቆዳው ሳይቀር ይበላል።

ከሸለቆው ወለል ላይ የባቡር ሐዲድ አለ። በ1892 ያፋን ከኢየሩሳሌም ለማገናኘት የተዘረጋ ነው። በ1949 ወሰኑ ሲሰመር ሐዲዱ ለእስራኤል እንዲቀር ተፈለገ፤ ከሐዲዱ ማዶ ያለው መሬት ግን የባቲር ነበር። ሐሰን ሙስጠፋ የተባሉ የመንደሩ ሰው ባደረጉት ጥረት አንድ ስምምነት ተገኘ፤ ገበሬዎቹ ማዶ ያለውን መሬታቸውን ያርሳሉ፣ በአንጻሩ ባቡሩን ማንም እንዳይነካው መንደሩ ይጠብቃል። ሽቦ አልተዘረጋም። ወሰን ያለ አጥር ከስድሳ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረ፤ ባቡሩ እየሄደ፣ ገበሬው ሐዲዱን እየተሻገረ። አጥሩ በዚህ እንዲያልፍ ሲታቀድ መንደርተኛው ብቻውን አልተቃወመም፤ የእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ራሱ እርከኑ ይጠፋል ብሎ መሰከረ። ዩኔስኮ በ2014 እርከኖቹን በዓለም ቅርስነት፣ ያውም አደጋ ባንዣበበባቸው መዝገብ ላይ አሰፈራቸው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ዕቅዱ ቆመ። ስለ ጸጥታና ስለ እርሻ ሲነሣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ባቲርን እጠቅስለታለሁ፤ የተማመኑ ጎረቤታሞች የሠሩት ወሰን ነውና።

ወደ ሰሜን ስሄድ ምድሩ እየለዘበ፣ አፈሩ እየቀላ ይመጣል። በቀልቂልያ ከተማ አካባቢ ያለው ሜዳ ከተራራው በታች፣ ከባሕሩ በላይ ነው፤ ውሃው ብዙ፣ ክረምቱ ለስላሳ ነው። ያደርሁባት ጀዩስ ከሜዳው ጠርዝ ባለ ኮረብታ ላይ ናት። ሰማዩ ሲጠራ ከጣራዋ ላይ የባሕሩ ዳርቻ ፎቆች ይታያሉ። አጥሩ ሲሠራ የመንደሩ ቤቶች ወዲህ፣ አብዛኛው የእርሻ መሬትና ስድስት የውሃ ጉድጓዶች ወዲያ ቀሩ። ከዓመታት ክርክር በኋላ መስመሩ በከፊል ተስተካክሎ የተወሰነው መሬት ተመልሷል፤ ብዙው ግን አሁንም ማዶ ነው።

ያሳደሩኝ ሰው ሰባ ያለፉ አዛውንት ናቸው፤ መንደሩ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። የሚተረጉምልኝ የወንድማቸው ልጅ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ሲነግራቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የነጃሺ አገር ሰው ብለው ተቀበሉኝ፤ የተሰደዱትን ያስጠጋ ንጉሥ አገር እንግዳ በቤታቸው ሲያድር የመጀመሪያቸው መሆኑንም ነገሩኝ። ባለቤታቸው ሙሰኸን አቀረቡ። ከጣቡን ምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በአዲስ የወይራ ዘይት ርሶ፣ በላዩ ብዙ ሽንኩርትና ሱማቅ፣ ከዚያም ዶሮ። የለቀማ ወቅት ምግብ ነው። አዲሱ ዘይት አረንጓዴ ነው፣ ጉሮሮ ይፈጃል፤ ካልፈጀ አዲስ አይደለም ይላሉ። ወይራ እኛም አገር አለ፤ ያው ዝርያ ነው፣ ግን ፍሬው ጥቃቅን ስለሆነ ለዘይት አይሆንም። እኛ የምናውቀው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ በጢሱና በእንጨቱ ነው። እዚህ ያለው ወይራ ሰው ሲገርዘው፣ ሲያርስለትና ሲለቅመው የኖረ ነው። አንዱ ትውልድ ይተክለዋል፣ ሌላው ይበላዋል። አንድ ዓመት አብዝቶ ያፈራና በሚቀጥለው ያርፋል፤ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያርፍ ሐጂው አንድ በአንድ ያውቃሉ።

በ2002 መኸር ላይ፣ አሉ ሐጂው፣ ወደ ማሳችን ስንወጣ በወይራዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሎ አገኘን። የሠራዊቱ ትእዛዝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት በአጥሩና በአረንጓዴው መስመር መካከል ያለው መሬት የተዘጋ ቀጠና ተባለ። ከዚያ ወዲህ ባለመሬቱ የይለፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ጊዜው ያልፋል፤ እንደገና ይጠየቃል። አመልካቹ መሬቱ የእሱ መሆኑን በሰነድ ያስረዳል፤ ትራክተሩም የራሱ ፈቃድ አለው። ማሳው ላይ ማደር ክልክል ነው። ሐጂው ተፈቅዶላቸው ነበር፣ ባለቤታቸውም እንዲሁ። ጉልበት ያለው ልጃቸው ግን በጸጥታ ምክንያት ተከልክሏል፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ አልተነገረውም። ራማላ ውስጥ ግንበኛ ሆኗል። በ2017 የወጣ መመሪያ ደግሞ ድርሻው ከ330 ካሬ ሜትር ያነሰ ወራሽ የማረስ ፍላጎት እንደሌለው ቆጠረ። በሸሪዓው መሠረት መሬት ለወራሾች ሁሉ ይከፋፈላል፤ የአያት የነበረው ማሳ ለልጅ ልጆች ሲደርስ በወረቀት ላይ ያንሳል፣ በተግባር ግን ቤተሰቡ አብሮ ያርሰዋል። መመሪያው ያየው ወረቀቱን ነበር። እንግዲህ ማንም ሳይነካው፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ የባለመብቱ ቁጥር ራሱን እየቀነሰ ይሄድ ነበር። ካየሁት ሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ኮንክሪትን ሰው ያየዋል፣ ይቃወመዋል፣ ይሥልበታል፤ ውርስን የሚቀንስ አንቀጽ ግን በየቤቱ ለቅሶ መካከል ሥራውን ይሠራል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ማሳዎቹ ወደሚያሻግረው የአጥሩ በር ወረድን። በሩ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለዳ፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ ይከፈት ነበር። እዚህ ዕለት ዕለት መከፈቱ እንደ ዕድል ይቆጠር ነበር፤ ብዙ መንደሮች ያላቸው በር የሚከፈተው በወይራ ለቀማ ሳምንታት ብቻ ነበር። ትራክተር፣ አህያ፣ ሸራና መሰላል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ወጣት የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ ማረስ ያለበት አፈሩ ሳይደርቅ ነው፤ የወይራ ዝንብ በታየ ዕለት መርጨት ያስፈልጋል፤ በላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ ቲማቲም ቁር በመጣበት ሌሊት ሰው ይፈልጋል። ገበሬ የሚኖረው መሬቱ በጠራው ሰዓት በመድረስ ነው። በሩ ግን የራሱ ሰዓት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ቢሮ በሰሜን ዌስት ባንክ ለዓመታት ሲከታተል ከአጥሩ ማዶ ያለው ወይራ ምርት በነፃነት ከሚደረስበት ወይራ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ አግኝቷል፤ አፈሩ ያው፣ ዛፉም ያው ሆኖ። ማዶ ሰደድ እሳት ቢነሣ የመንደሩ የእሳት አደጋ መኪና መግባት አይችልም፤ ባለቤቱ ከጣራው ላይ ሆኖ ያያል። ስለዚህ ገበሬው ቲማቲሙንና ኪያሩን እየተወ፣ ሳይጎበኙት ወደሚቆየው ወይራና ስንዴ ያዘነብላል፤ የጉድጓዱ ውሃም ሥራ ይፈታል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው መሬቱ የተዘነጋ ይመስላል።

ስሜ በዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ከበሩ ወዲህ ቆምሁ። ወረቀት ከሚያዩት ወታደሮች አንዱ ፊቴን አየት አድርጎ ተጠጋኝና፣ “ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?” አለኝ፤ በአማርኛ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። እስራኤል ውስጥ ተወልዶ አማርኛውን ከአያቱ ነው የተማረው፤ አንቱታውም የአያቱ ነው። አያቱ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል በእግር የተሰደዱ ናቸው። በ1984 ገደማ በዚያ መንገድ የወጡት ቤተ እስራኤላውያን በረሃብና በበሽታ በሺዎች ሞተዋል፤ የአያቱ ታናሽ እኅትም ሱዳን ውስጥ ተቀብራለች። ስለ ጎንደር ጠየቀኝ፣ ዝናቡ ጥሩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለገበሬዎቹ ክፉ ቃል ሲናገር አልሰማሁም፤ ለአንዲት አሮጊት መሰላሉን ከትራክተር ላይ አወረደላቸው። ከዚያ የሐጂውን ወረቀት ተቀብሎ ከዝርዝሩ ጋር አመሳከረና አሳለፋቸው።

ቀጠናውን የዘጋው ትእዛዝ እስራኤላውያንንና አይሁድን በሚመለከተው የመመለስ ሕግ ወደ እስራኤል ለመግባት መብት ያላቸውን ሁሉ ከፈቃድ ነፃ ያደርጋል። ይህ ልጅ የደንብ ልብሱን አውልቆ በሐጂው ወይራ መካከል ቢንሸራሸር ማንም አይጠይቀውም። አያቱ ደግሞ መሬት የተከለከሉ ሰዎች የልጅ ልጅ ናቸው፤ ከልካዮቹም እኛ ነበርን። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ጊዜ ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም ተባለ ሲል ትውፊቱ ይተርካል። ከዚያ ወዲህ ቤተ እስራኤላውያን በገዛ አገራቸው ጭሰኛ ሆነው፣ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ፣ ቡዳ እየተባሉ ኖሩ። ርስት የተነፈገ ሕዝብ ስለ ርስት የሚያልመውን ሕልም የጎንደር ገደላገደል ያውቀዋል፤ ኢየሩሳሌም ለእነሱ የዚያ ሕልም ስም ነበረች። በልጁ ላይ ለመፍረድ አልተቻለኝም። ግን ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚያ በር ላይ የቆመ ሰው ነገሩን የሌሎች ጠብ ብሎ ሊያልፈው አይገባም፤ ሰውን ከመሬቱ በአዋጅ መለየት ምን ዓይነት ቁስል እንደሚተው የእኛ ታሪክ ይመሰክራል፤ ያ ቁስል ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ሰው በረሃ አቋርጦ እንዲሄድ አድርጓልና።

ቀልቂልያን ያየኋት ስመለስ ነው። ከተማዋን አጥሩ ሊከባት ጥቂት ቀርቶታል፤ ዋናው መውጫ በምሥራቅ በኩል ነው። እኛ ዘይቱን በምንለው ፍሬዋ ስመ ጥር ናት፤ በወቅቱ መንገድ ዳር በሳጥን ተደርድሮ ከተማዋን በመዓዛው ያውዳታል። ሻጮቹ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እስራኤላውያን ቤተሰቦች ለገበያ እየመጡ ይሞሉት እንደነበር አጫወቱኝ። አንዱ ሻጭ የደንበኞቹን ልጆች ስም ሳይቀር ያስታውሳል።

ይህ ጉዞ ከጥቅምት 2023 በፊት የተደረገ ነው። ከሐማስ ጥቃትና ከጋዛው ጦርነት መጀመር በኋላ አብዛኞቹ የእርሻ በሮች ተዘጉ፤ ማዶ ለመሻገር የተሰጡት ፈቃዶችም ከጥቂቶቹ በቀር አልሠሩም። የዚያ ዓመት ወይራ ብዙ ቦታ ሳይለቀም ዛፉ ላይ ቀረ። ከሐጂው ጋር በወንድማቸው ልጅ ስልክ እንነጋገራለን። ስለ ፍሬው ብዙም አያወሩም፤ የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። በ1858 የወጣው የኦቶማን የመሬት ሕግ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳይታረስ የቀረ መሬት ወደ መንግሥት ሊመለስ ይችላል ይላል፤ እስራኤልም ይህን ሕግ እየጠቀሰች በዌስት ባንክ ብዙ መሬት የመንግሥት ነው ብላ አውጃለች። ሐጂው አንቀጹን ጠበቃ ሳያነብላቸው በቃላቸው ያውቁታል። መሬቱን ያላረሱት በሩ ስለተዘጋባቸው እንጂ ትተውት እንዳልሆነ የሚገልጽ ማመልከቻ ከአያታቸው የመሬት ሰነድ ቅጂ ጋር አስገብተዋል። መልስ ባይመጣም በየጊዜው ቀኑን እየለወጡ እንደገና ያስገቡታል፤ በመጨረሻው ላይ የልጃቸውን ስም ጨምረውበታል።